ፕሮቲን ያልኩ ዕለት

«የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ያለው ሰው ማን እንደሆነ ባላውቅም፣ አዋላጅ እንዳልነበረ ግን እምላለሁ። ወንድ መሆኑንም እጠረጥራለሁ። ደግሞስ ቃል መቼ ይጠፋል? ከአፍ ይወጣል፣ ጆሮ ይገባል፣ እዚያ የቆየ ሌላ ቃል ያገባና ያላሰባችሁትን ይወልዳል።

እኔም አንድ ቃል ተናገርኩ። ስሙ ይቅርና፣ ከጎንደር በሚኒባስ የምመላለስበት ጤና ጣቢያ ውስጥ ማክሰኞ ማክሰኞ ነፍሰ ጡሮችን አስተምራለሁ። ያን ሰሞን ከሥልጠና መመለሴ ነበር። ትኩስ እውቀት እንደ አዲስ ጫማ ነው፤ ሰው ካላየው አያስቀምጥም። «የማህፀን ጡንቻ ዓይን ከማያያቸው ሕዋሳት የተሠራ ነው» አልኳቸው። «እርስ በርስ የሚያጣብቃቸው ፕሮቲን ነው፤ እንደ ሙጫ በሉት። ሆድ ሲገፋ ጡንቻው ሳይላቀቅ ይለጠጣል፤ ምጥ ሲመጣም ሁሉም ባንድ ላይ ይኮማተራሉ። ገባችሁ?»

«አዎ!» አሉኝ። እናንተ ባገራችን «ገባችሁ?» ተብሎ «አልገባንም» ያለ ሰው ታውቃላችሁ?

ከሁለት ወር በኋላ እናኑ መጣች። ከማክሰኝት ወዲያ ካለ ገጠር የመጣች፣ የመጀመሪያ ልጇን የምትጠብቅ ወጣት ናት፤ አማቷ እማማ ጥሩነሽም አብረዋት ነበሩ። ሚዛን ላይ ሳቆማት ክብደቷ መጨመር ሲገባው ቀንሷል። ሆዷን ስለካ ጽንሱም ከወሩ ወደኋላ ቀርቷል።

«ምን ትበያለሽ?»

«እንጀራ በድንች።»

«እንቁላልስ? ወተትስ?»

«ትቼዋለሁ።»

«ምነው? ማነው ተይ ያለሽ?» ብዬ ጮህኩ። የጎረቤት ምክር መስሎኝ ለቁጣ ተዘጋጅቻለሁ።

እናኑ አቀረቀረች። አማቷ መለሱልኝ፤ «አንቺው ነሽ እንጂ፣ ሲስተር!»

ነገሩ እንዲህ ነው። የቀበሌያቸው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ እንቁላል፣ ወተት፣ ባቄላና ሽሮ ፕሮቲን እንደሆኑ አስተምራቸዋለች። እኔ ደግሞ ፕሮቲን ማህፀን ውስጥ ያጣብቃል አልኩ። እናኑ ሁለቱን ትምህርት ደመረችና ልጇ ተጣብቆ እንዳይቀርባት ፕሮቲን የተባለውን ሁሉ ተወች። ከዚያ ሁሉ ሴት በደንብ ያዳመጠችኝ እሷ ነበረች።

«እንቁላሉንማ ዶሮዋን አስታቀፍኳት» አሉ እማማ ጥሩነሽ። «ጫጩቶቹ ሸጋ ሸጋ ሆነዋል።»

ጫጩቶቹ ሸጋ ሆኑ፤ ጽንሱ ከሳ።

«እኔ እንዲያ አልወጣኝም» ልል አፌን ከፍቼ ነበር። እውነትም አልወጣኝም። ግን የእናኑን ክንድ አየሁት፤ የግፊት መለኪያው ጨርቅ ሁለት ጊዜ ዞሮት ተርፏል። እጇን ያዝኩና «ጥፋቱ የኔ ነው፤ ይቅር በይኝ» አልኳት። ደነገጠች። ሲስተር ይቅርታ ስትጠይቅ አይታ አታውቅም። እኔም አርባ ዘልቄ አላየሁም።

እንደገና ጀመርኩ፤ ያለ ፕሮቲን፣ ያለ ሙጫ። ሕዋሳቱ እጅ ለእጅ እንደሚያያዙ፣ ለየብቻ ቢጥሩ ልጅ እንደማይወለድ፣ በምጥ ጊዜ ግን ተጠራርተው በአንድነት...

«ደቦ ነዋ!» አሉ እማማ ጥሩነሽ። «አንዱ ዛሬ፣ አንዱ ነገ ቢያጭድ አዝመራው መቼ ይነሳል?» ከዚያ ወደ ምራታቸው ዞሩ፤ ፊታቸው ተለወጠ። «ወይኔ ልጄን! ደቦኛ ሳይበላ ያጭዳል እንዴ? እኛኮ ያንቺን ደቦኞች አስርበናቸዋል!»

እኔ ሥልጠና ገብቼ ያጣመምኩትን እሳቸው ባንድ ትንፋሽ አቃኑት።

ከዚያ ወዲህ እናኑ በየሁለት ሳምንቱ ትመጣ ጀመር፤ እኔም ከሚዛኑ መርፌ ጋር ስወጣና ስወርድ ከረምኩ። ለእመቤታችን ስንት ጧፍ እንደተሳልኩ አልነግራችሁም።

ምጧ የመጣው አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነው። የጥበቃውን ጩኸት ሰምቼ ብወጣ ግቢው በሰው ተሞልቷል። መንደራቸው ማኪና አይገባምና ወንዶቹ እየተፈራረቁ በቃሬዛ ተሸክመዋታል፤ ሴቶቹ «ማርያም! ማርያም!» ይላሉ። ጥበቃው «አንድ አስታማሚ ብቻ!» ሲል እማማ ጥሩነሽ ገፋ አደረጉት፤ «ዞር በል! ደቦ ያስፈልጋል ያለችን ሲስተር ናት!»

ከቀትር በኋላ ሴት ልጅ ተወለደች። ሚዛን ላይ አስተኝቼ መርፌውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ትንሽ ናት፤ ግን ደህና ናት። ጩኸቷማ የትልቅ ሰው ነው። ውጭ እልልታው ቀለጠ።

ሲሸኙ ከተሸካሚዎቹ አንዱ፣ ሽበት ጣል ጣል ያደረገባቸው ሰው፣ ቀረብ ብለው ጠየቁኝ፤ «ሲስተር፣ ደቦው በቃ? ወይስ ከማዶም መጥራት ነበረብን?»

ደቦ ያልነው ሌላ እንደሆነ ላስረዳቸው አሰብኩ። ትከሻቸውን አየሁት፤ ቃሬዛው የተጫነበት ጋቢ ገና እንደተጨማደደ ነው።

«በቅቷል፣ አያ» አልኳቸው። «ለሚቀጥለውም እንዲሁ ኑ።»