ጆሮ የሌለው ድስትና አሥራ ሁለተኛው ቤት

አገር የሚያድገው በቁጥር ነው። ያልተቆጠረ ረሃብ ረሃብ አይባልም፤ ቅሬታ ነው። ይህን ጥልቅ እውነት የተረዳው፣ በፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ባለችው የደሴቶች አገር፣ በቫኑዋቱ ዋና ከተማ የሚገኝ አንድ ስሙ የማይጠራ መሥሪያ ቤት፣ የቤተሰብ ኑሮ የሚለካበትን አዲስ ዘዴ ሕዝብ ቆጣሪ ረግጧት በማያውቅ ደሴት ላይ እንዲፈትን አቅጣጫ አስቀመጠ። አቅጣጫውም ሁለት ዓመት ከተቀመጠበት ተነሥቶ በጀልባ ተሳፈረ።

የዘዴው ውበት ቀላልነቱ ነበር። በአንድ መንደር አሥራ ሁለት ቤት ይመረጣል፤ ሰሞኑን ምን እንደተበላ ይጠየቃል፤ ከሁሉ የባሰ ድሃ ሆኖ በተገኘው ቤት ደጃፍ ትልቅ የዝናብ ውሃ ታንከር ይተከላል፤ ጎረቤትም ይቀዳበታል። መንደሩ ራሱ ያለው አሥራ ሁለት መኖሪያ ቤት ብቻ ስለነበረ ምርጫው ፍጹም ገለልተኛ ሆነ።

ይህን ወሬ እንደ ሌይሞሊ ያጣጣመው የለም። የመንደሩ አለቃ የታቢ ሚስት ናት፤ እሷ ሃምሳ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ጉልበቷ ግን ሰባ አልፎታል። ምንጩ ከገደሉ ሥር ነው። ስትወርድ ጉልበቷ ያለቅሳል፣ ባልዲውን ተሸክማ ስትወጣ ደግሞ እሷ ታለቅሳለች።

"አንተ ሰውዬ" አለችው ባሏን፣ "ድህነታችን አንድ ቀን እንኳ ሊጠቅመን ነው። እውነቱን ብቻ እንንገራቸው። ሰኞ የታሮ ሥር ቀቅለን በላን፣ ማክሰኞም ያንኑ ታሮ በላን።"

"እንግዳ መጥቶ ታሮ ብቻ? አባቴ ከመቃብሩ ተነሥቶ በጥፊ ይበለኝ እንዴ?"

"ቆጣሪ እኮ ነው፤ እንግዳ አይደለም።"

"ሆድ አለው?"

"ይኖረዋል እንግዲህ።"

"እንግዲያው እንግዳ ነው" አለ ታቢ፣ ነገሩም በዚያው ተዘጋ።

ችግሩ በመንደሩ ሊታረድ የሚችል አሳማ አንድ ብቻ መሆኑ ነበር። ስለዚህ ሰው ተሰበሰበና መከረ፦ አሳማው ታርዶ በሌይሞሊ ትልቅ ድስት ይቀቀላል፤ ድስቱም በጓሮ በጓሮ፣ በታሮው ማሳ ውስጥ ለውስጥ፣ ከቆጣሪዎቹ እየቀደመ በቀን ሁለት ሁለት ቤት ይዞራል። እንዲህ ከሆነ ማንም ቤት አያፍርም። ሐሳቡ በሙሉ ድምፅ ጸደቀ፤ የተቃወመው አሳማው ብቻ ነበር።

ቆጣሪዎቹ አምስት ሆነው መጡ። መሪያቸው አቶ ሴልዊን ይባላሉ፤ ከያዙት እርሳስ እምብዛም የማይወፍሩ፣ መመሪያ የሚያከብሩ ሰው ናቸው። በመንደሩ መሃል ባለው የእንግዳ ማረፊያ፣ በአካባቢው ብቸኛ በሆነው ቆርቆሮ ቤት ሰፈሩ።

ሥራው ያለ እንከን ሄደ። በሁለተኛው ቀን ብቻ ሮሲና የምትባለው ወጣት ቆጣሪ ወደ አለቃዋ ጠጋ ብላ፣ "ጌታዬ፣ ይሄ ድስት አንድ ጆሮው ተሰብሯል" አለች።

"ታዲያስ?"

"የትናንቱም ተሰብሮ ነበር። ጠዋት ያየነውም እንደዚሁ።"

አቶ ሴልዊን በጥሞና አሰቡ። ሃያ ሁለት ዓመት ያገለገለ ባለሙያ ከጀማሪ የሚለየው በእንዲህ ያለ ጊዜ ነው። "'በክልሉ የሚገኙ ድስቶች በሙሉ አንድ ጆሮ ናቸው' ብለሽ ጻፊ" አሉ።

በአራተኛው ቀን ተራው የሌይሞሊ ሆነ። ድስቱ በጓሮ በር ገብቶ ገና ሳይደላደል አቶ ሴልዊን በፊት ለፊት ገቡ። ቀረበላቸው፤ በሉ። ከዚያ እጃቸውን በሙዝ ቅጠል ጠራርገው፣ "እንግዲህ እውነቱን ብቻ" አሉ። "ሰሞኑን በዚህ ቤት ሥጋ ተበልቷል?"

ሌይሞሊ ጉልበቷን አሰበች፤ ገደሉንም አሰበች። "ኧረ የት አግኝተን" የሚለው ቃል ከንፈሯ ላይ ደረሰ። ግን የሰውዬው ጢም ገና በስብ ያብረቀርቃል፤ ታቢ ደግሞ ከጥግ ሆኖ ያፈጥባታል። እያጎረሱ "የለንም" ማለት በዚያ መንደር "ጉሮሮህ ላይ ይቁም" ብሎ እንደ መራገም ነው።

"ተበልቷል" አለች፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

"ስንት ጊዜ?"

"እናንተ በመጣችሁ ቁጥር።"

"'ዘወትር' በይው" አሉ አቶ ሴልዊን ለሮሲና።

በዚያን ዕለት ሌይሞሊ ምንጭ ስትወርድ ባሏን፣ አሳማውንና ራሷን በየተራ እየረገመች ነበር። ታንከሩ በገዛ ድስቷ ተበልቶባታል።

በስድስተኛው ቀን ከድስቱ ውስጥ የቀረው አጥንት ብቻ ነበር። ደግነቱ የቀረውም አንድ ቤት ነው። ሆኖም አሥራ ሁለተኛው ቤት ተዘግቶ ተገኘ፤ ቤተሰቡ በሙሉ ማዶ ደሴት ሠርግ ሄዷል። አቶ ሴልዊን በሩ ላይ ተቀምጠው ራሳቸውን ያዙ።

"አሥራ አንድ ቤት ጥናት አይባልም" አሉ። "አሥራ አንድ ቤት ወሬ ነው። ምን ይዤ ልመለስ?"

ድስቷን ልትወስድ የመጣችውን ሌይሞሊን አሳዘኗት። "ለመሆኑ ጌታዬ፣ ቤተሰብ የምትሉት ምኑን ነው?"

"መመሪያው ግልጽ ነው። አምስት ሌሊትና ከዚያ በላይ በአንድ ጣሪያ ሥር አብረው ያደሩ ሰዎች።"

"እናንተስ ስንት አደራችሁ?"

ሮሲና በጣቷ ቆጠረች። "አምስት" አለች።

መመሪያ መመሪያ ነው። አቶ ሴልዊን ወደ ቆርቆሮው ቤት ገብተው በክብር ተቀመጡ፤ ሮሲናም ከፊታቸው ሆና ቅጹን ገለጠች።

"እርሻ አላችሁ?"

"የለንም።"

"አሳማ? ዶሮ?"

"ምንም።"

"ድስትስ?"

"ጆሮ ያለውም የሌለውም የለንም።"

"ሰሞኑን በዚህ ቤት ምን ተበሰለ?"

አቶ ሴልዊን ጣሪያውን አዩ። "እሳት ነድዶበት አያውቅም።"

"ታዲያ በምን ኖራችሁ?"

"ጎረቤት እያበላን።"

ሮሲና ስትጽፍ ዓይኗ እንባ አቀረረ። "አይዞዎት" አለቻቸው።

ከስምንት ወር በኋላ አንድ መርከብ ታንከርና ደብዳቤ ይዞ መጣ። ደብዳቤው በመንደሩ አሥራ አንድ ቤቶች በየሳምንቱ አንድ አንድ አሳማ የሚያርዱ ባለጸጎች መኖራቸውን በአድናቆት ገልጾ፣ በመካከላቸው ግን ድስት እንኳ የሌላቸው አምስት ጎልማሶች በሰው እጅ እየኖሩ መሆኑን በሐዘን አመለከተ። ታንከሩም በዚያው ቆርቆሮ ቤት ደጃፍ ተተከለ። የሌሎቹ ቤቶች ጣሪያ ሣር ስለሆነ የትም ቢተከል ኖሮ ዝናብ አይጠራቀምለትም ነበር፤ ይህ ግን በመጠይቁ ላይ አልተጠየቀም።

ለምረቃው የመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ ራሳቸው መጡ። አቶ ሴልዊን ሸሚዛቸው ቁልፉ እየተወጠረ ከጎናቸው ቆመዋል። ኃላፊው ስለ ሳይንስ አርባ ደቂቃ ከተናገሩ በኋላ መቀሱን ከፍ አድርገው፣ "አሁን የዚያ ምስኪን ቤት አባወራ ወደ ፊት ይውጣና ሪባኑን ይቁረጥ" አሉ።

ማንም አልወጣም። አቶ ሴልዊን ጫማቸውን ይመረምሩ ጀመር።

"ምነው፣ ሞተ እንዴ?" አሉ ኃላፊው ደንግጠው።

"ኧረ ደኅና ናቸው ጌታዬ" አለች ሌይሞሊ ባልዲዋን እንደያዘች። "እዚያው ከጎንዎ ናቸው። ያኔ ከስተው ነበር፤ አሁን ተመስገን ወፈር ብለዋል።"

ኃላፊው ወደ አቶ ሴልዊን ዞሩ። አቶ ሴልዊን "እኔ አይደለሁም" ቢሉ ጥናቱ ሐሰት ሊሆን ነው። "ነኝ" አሉና መቀሱን ተቀበሉ።

"ኑሮው ተሻሽሏል ማለት ነው!" አሉ ኃላፊው፤ ሕዝቡም አጨበጨበ።

ሌይሞሊ ባልዲዋን ከታንከሩ ሞላች፣ ጉልበቷን አሸት አሸት አደረገችና ወደ ባሏ ዞረች። "በል ድስቱን አምጣው" አለችው። "ድሃው ጎረቤታችን ጦሙን ሊውል ነው።"