ለጋሽ አስራደ ጉልበት የተሠራ ሻወር

ጋምቤላ ውስጥ ውሃ ማሞቅ ለቀባሪው ማርዳት ነው። ኒውላንድ ሰፈር የሚኖር ሰው ያውቀዋል፤ ቆጥ ላይ የተሰቀለው ሮቶ ቀትር ሳይሞላ ራሱን በራሱ ያፈላል፣ ከሥራ ደክሞት የገባ ሰውም ቧንቧውን ከፍቶ ጭንቅላቱን ሲያስገባ የሚወርድበት ሻይ ቅጠል ብቻ የቀረው ነገር ነው። እዚህ አገር ውሃ እስኪበርድ ይጠበቃል እንጂ እስኪሞቅ የሚጠብቅ የለም። እንግዲህ በዚህ ከተማ አንድ ሰው ተነሥቶ የሙቅ ውሃ ሻወር፣ ያውም ጀልባ ላይ፣ ልሥራ ቢል ዘመድ ያለው እንደሆነ ጠበል ይወስዱታል። ሰውዬው እኔ ነኝ። ዘመዶቼ አቦቦ ስለሆኑ በጊዜ አልደረሱልኝም።

ነገሩ እንዲገባችሁ ስለ ደገኛና ስለ ብርድ ትንሽ ላውራ። እኔ ወላጆቼ በሰፈራው ዘመን ከወሎ መጥተው አቦቦ የወለዱኝ ነኝ፤ ብርድ የሚባለውን የማውቀው በወሬ ነው። ከደጋ ለሥራ የመጣው ሰው ግን ጋምቤላ ሃያ ዓመት ቢቀመጥም ብርዱን ከሆዱ አያወጣውም። ላብ እንደ ጎርፍ በሚወርድበት ቀትር ባጃጅ ውስጥ ሆኖ «መጋረጃውን አውርደው፣ ነፋስ ይመታኛል» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አገሩን አትጠይቁት። ወገቡን ቢያመው ብርድ ነው፣ ሆዱን ቢነፋው ብርድ ነው፣ ሚስቱ ብታኮርፈውም መስኮት ተከፍቶ አድሮ ይሆናል።

ጋሽ አስራደ ከጉና ተራራ ሥር መጥተው ባሮ ላይ ያረጁ ክትባት ሰጪ ናቸው። በወንዙ ላይ ሠላሳ ዓመት ሊደፍኑ ምንም አልቀራቸው። ከጋምቤላ በጀልባ ተነሥተው ወደ ኢታንግ አቅጣጫ ይወርዳሉ፤ መኪና በማይደርስባቸው መንደሮች እየቆሙ ሕፃናቱን ይከትባሉ፤ አድረው ይመለሳሉ። የባሮ ዳር እናቶች ልጅ ሲያስቸግራቸው ጅብ አይጠሩም። «አስራደ መጣልህ» ይላሉ፤ ልጁም ወዲያው ጸጥ ይላል። ጋሽ አስራደ ይህን ሲያወሩ አዲስ ሹመት እንዳገኘ ሰው ፊታቸው ይበራል። ጀልባው ላይ መርፌው የእሳቸው ነው፣ ሞተሩ የኦሞድ፣ በረዶው የእኔ። ኦሞድ ባሮ ዳር ተወልዶ ያደገ የአኙዋ ሰው ሲሆን ከእኛ ከሁለታችን ጋር የሚያወራውን ያህል ከሞተሩ ጋር ያወራል። እኔ ደግሞ የክትባት ማቀዝቀዣዎች ጠጋኝ ነኝ፤ በዚያ ሁሉ ሐሩር ውስጥ አንዲት ሳጥን ሳትሞቅ እንድትደርስ ማድረግ እንጀራዬ ነው። ሙቅ ውሃ እንግዲህ ከሙያዬ ምን ያህል እንደሚርቅ እዩት።

ዘንድሮ የጋሽ አስራደ ጉልበት ከዳቸው። ዳር ላይ ደርሰው ከጀልባው መውረድ አቅቷቸው ኦሞድ ሁለት ጊዜ አዝሎ አወጣቸው፤ ሁለተኛውን ጊዜ አዲሷ ኃላፊያችን ሲስተር ኛቦል ሰማች። ሲስተር ኛቦል የወንዝ ዳር ልጅ ናት፤ ክንዷ ላይ ያለችው የክትባት ጠባሳ የማን እጅ ሥራ እንደሆነች እሷም እኛም እናውቃለን። ግን ኃላፊነት ጠባሳ አያይም። ከአሁን በኋላ ባለው ሦስተኛ ዙር ራሴ አብሬ እወርዳለሁ አለች፤ ጋሽ አስራደ በገዛ እግራቸው ወጥተው ከወረዱ እስከ ጡረታቸው ይቀጥላሉ፣ ካልቻሉ ስቶር ይገባሉ። ሰው ውሃ ውስጥ ቢወድቅብኝ ምን ልል ነው ስትል እውነቷን ነበር። ስቶር ማለት ግን ካርቶን ነው። ካርቶን ደግሞ ሰው አይቶ አይሮጥም፣ አያለቅስም፣ ሲያድግም ልጁን ይዞ አይመጣም። ጋሽ አስራደ ሁለት ቀን ምግብ አልበላላቸውም፤ እኔም በእውነት አዘንኩ።

የበሽታውን ስም ራሳቸው አወጡለት። ብርድ ነው። ጀልባው ሲሮጥ የሚረጨው ውሃ ጉልበታቸው ላይ ደርቆ ያድራል፤ ወደ ማምሻው አንድ ጊዜ በሙቅ ውሃ ቢለቃለቁ ለቅቋቸው ይሄድ ነበር። ታዲያ እንጨት አንድዶ ውሃ ማፍላት ምን ይገዳል ትሉኝ ይሆናል። አይገድም። ነገር ግን ልጇን አዝላ ቀኑን ሙሉ የተሰለፈችን እናት «ለእኔ ጉልበት እንጨት ልቀሚ» ማለት ነውር ነው ብለው ጋሽ አስራደ ሞክረውት አያውቁም። ማንንም ማስቸገር አይወዱም። ይህችን ነገር ያዙልኝ።

በዚያው ሰሞን ስልኬ ላይ አንድ ቪዲዮ አየሁ። ጥጋብ ባለበት አገር ሰዎች እግራቸው ላይ ሳንቃ አስረው በፈጣን ጀልባ በገመድ ይጎተታሉ፤ እየተንሸራተቱ ሄደው ሄደው ወደው ውሃ ውስጥ ይወድቃሉ፤ ከዚያ ይወጡና የጀልባው ሞተር ባሞቀው ውሃ ይታጠባሉ። እኛ ጋ ባሮ ላይ በገመድ ታስሮ ከጀልባ ኋላ የሚጎተት ሰው ቢኖር አዞ ሊጠመድበት ነው። ሻወሩ ግን ልቤን ወሰደው። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ይባላል፤ እኔም ገመዱን ትቼ ወደ ማነቂያው ሄድኩ።

ሦስት ቅዳሜ ፈጀብኝ። የጀልባ ሞተር ራሱን ለማብረድ ከወንዙ ውሃ ይስባል፤ የሞቀውን መልሶ ይተፋል። እኔ ከዚያ መስመር ላይ ቅርንጫፍ አወጣሁና ከሞተ ማቀዝቀዣ በነቀልኩት የመዳብ ቱቦ አድርጌ፣ በጭስ ማውጫው ዙሪያ ጠምጥሜ፣ የጀልባው ጥላ ላይ ወዳሰርኩት በርሜል ላክሁት። ዕድሜ ልኩን ሲያቀዘቅዝ የኖረ መዳብ በጡረታው አሙቅ ተባለ። በርሜሉን ነጭ ፈልጌ ነበር፤ ገበያ ውስጥ የተገኘው ጥቁር ብቻ ስለሆነ እሱኑ ወሰድኩ። ጫፉ ላይ የአትክልት ማጠጫ አፍ ገጠምኩለት። ኦሞድ ሦስቱንም ቅዳሜ አጠገቤ ተቀምጦ ሲያይ ቆይቶ አንድ ነገር ብቻ ተናገረ።

«ሞተር ውሃ የሚፈልገው ለራሱ ነው።»

ትንሽ ነው የምወስድበት አልኩት። ፊቱን ወደ ሞተሩ አዞረ። የኦሞድ ዝምታ ምን ማለት እንደሆነ ሰው ይማራል፤ እኔ ያን ጊዜ ገና አልተማርኩም ነበር።

ከባሮ ድልድይ በታች ሞከርነው። ሞተሩ ተነሣ፤ በርሜሉ ሞላ፤ ጋሽ አስራደ በቁምጣ ቆመው ውሃው ሲወርድባቸው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ዳር ላይ ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች ሥራቸውን አቁመው ተመለከቷቸው፤ አንዷ ሰውዬው ምን ሆኖ ነው በሙቅ ውሃ የሚቀጣው ብላ ኦሞድን ጠየቀችው። እሳቸው ግን የሞተር ሙቀት ሌላ ነው፣ አጥንት ድረስ ይገባል አሉ። ይህንኑ ቃል ከመጀመሪያው ዙር ሲመለሱ ደገሙት፣ ከሁለተኛው ሲመለሱ ለቢሮው ሁሉ አወሩት። ምርኩዛቸውን ጥለው ግቢ ውስጥ ሲመላለሱ አየሁ። ኩሌ የስደተኞች መጠለያ የሚሠሩ ባለሙያዎች ሳይቀሩ ለጉዳይ ሲመጡ ወንዝ ዳር ወርደው ሻወሩን ፎቶ አነሡት። እኔም፣ ምን ልደብቃችሁ፣ አረማመዴ ተለወጠ።

ሦስተኛው ዙር ደረሰ። ሲስተር ኛቦል ከፊት ተቀመጠች፤ እኔም የሥራዬን ፍሬ ለማየት አብሬ ሄድኩ። መጀመሪያው መንደር ስንደርስ ኦሞድ ጀልባውን አስጠግቶ ሞተሩን አጠፋ። ጋሽ አስራደ ተነሡ። የሰው እጅ ሳይዙ፣ ጥርሳቸውን ነክሰው፣ አንድ እግራቸውን ጭቃው ላይ አሳረፉ፤ ሁለተኛውን አስከተሉ፤ ዳገቷን ወጡ። ሕፃናቱ እሪ ብለው ተበተኑ። ሲስተር ኛቦል ይህን ሁሉ አይታ ወረቀቷ ላይ አንዲት ነገር ጻፈች። ሥራው አልቆ ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ይቀጥሉ አለች፤ ክርክሩም በዚሁ አበቃ።

ጋሽ አስራደ ጥላው ሥር ገብተው መታጠብ ጀመሩ። እኔም ዳር ቆሜ በኩራት ሳይ አንድ ነገር ጎደለኝ። ድምፅ። ሞተሩ ከቀትር ጀምሮ ጠፍቷል፤ ውሃው ግን አሁንም ትኩስ ነው። ወደ ጀልባው ኋላ ሄጄ ጎንበስ ብዬ ብፈልግ የመዳብ ቱቦዬ የለም።

ኦሞድን ቱቦዬ የት ገባ ብዬ ጠየቅሁት። ከመቀመጫው ሥር በጨርቅ ጠቅልሎ በክብር ያስቀመጠውን አወጣልኝ።

«በመጀመሪያው ጉዞ ፈታሁት። አሸዋ ገባ፣ ሞተር ታመመ። ከዚያ በርሜሉን ጠዋት በጀሪካን እሞላለሁ፣ ፀሐይ ያየዋል። ጥቁር ነው።»

ለምን አልነገርከኝም አልኩት።

«አንተ ደስ ብሎህ ነበር፤ ጋሼም ደስ ብሎት ነበር» አለ። «እኔ ለምን እናገራለሁ?»

እንግዲህ ጋሽ አስራደ ሠላሳ ዓመት ጃንጥላ ይዘው የሸሿት ፀሐይ ናት አጥንት ድረስ የገባችው። እኔም ሦስት ቅዳሜ ሙሉ የለፋሁት በርሜል ለመስቀል ኖሯል። ነገሩን በሆዴ ይዤ ልቀር አልኩ፤ ሆዴ እምቢ አለኝ። ጋሽ አስራደ ታጥበው፣ ለብሰው፣ ዳር ላይ ከወደቀ ግንድ ላይ ተቀምጠው ነበር። ሄጄ አጠገባቸው ቆምኩና የሚታጠቡበትን ውሃ ሞተር አሞቆት እንደማያውቅ ነገርኳቸው። አልደነገጡም።

«ሞተሩ ጠፍቶ ስታጠብ ጆሮዬ አብሮ የጠፋ መሰለህ?»

ታዲያ ጉልበትዎ በምን ተሻለዎት አልኳቸው። ሲስተር ኛቦል ጥቂት እርምጃ ርቃ ወንዙ ዳር ቆማለች። ወደ እሷ አየት አድርገው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ጉልበቴማ እንደነበረ ነው። አንተ ሦስት ቅዳሜ ደክመህ፣ ኦሞድ በየጠዋቱ በርሜል እየሞላ፣ ከዚህ በኋላ እንዴት ብዬ አዝላችሁ አውጡኝ ልበል? በል አሁን ሲስተር ሳትዞር አንሣኝ።»

በብብታቸው ገብቼ አነሣኋቸው። ቀላል አልነበሩም፤ ጊዜ ወሰደብን፤ አንድ ጊዜ ተንገዳግደን ግንዱን መታነው፣ ድምፁም ትንሽ አልነበረም። ሲስተር ኛቦል አልዞረችም። ቀጥ ብለው እስኪቆሙና ሸሚዛቸውን እስኪያስተካክሉ ድረስ ጀርባዋን ሰጥታ ወንዙን ስትመለከት ቆየች። እኔም የምታየው ምን ይሆን ብዬ አሻግሬ አየሁ። ወንዙ ላይ ምንም አልነበረም።