ከጭነቱ በኋላ የሚጠየቅ ሰው

ሐኪሜ ጨውና ንዴት እንድተው አዞኛል። ጨዉን ትቻለሁ።

ስለ ንዴቱ እናንተው ፍረዱ። እኛ ለመርዶ ሥርዓት አለን። ሰው ሩቅ አገር ሲሞት ማን እንደሚናገር፣ በየትኛው ሰዓት እንደሚነገር፣ ማን ከጎን ቆሞ ሐዘንተኛዋን እንደሚደግፍ ሳይቀር ይታወቃል። መርዶ ነጋሪዎች ገና ሳይነጋ ጋቢያቸውን ተከናንበው በሰው በር ላይ ሲሰበሰቡ ያላየ ጎረቤት የለም። ነገር ግን ሰው ተሰብሮ፣ ቆስሎ፣ በሕይወት ተርፎ አንድ ቦታ ሲተኛ፣ ለሚስቱ "አለ፣ ነይ፣ ይፈልግሻል" የሚላት ሰው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ በደንብ አልተወሰነም። የሞተ ሰው ባለቤት አለው። የቆሰለ ሰው ግን፣ በተለይ ሾፌር ከሆነ፣ ባለቤቱ መንገዱ ነው።

ሾፌር ነበርኩ። በደርግ ጊዜ፣ ድርቁ በበረታባቸው ዓመታት፣ ከአሰብ የእርዳታ እህል እየጫንን በባቲና በኮምቦልቻ ወጥተን፣ ደሴን አልፈን፣ ወልዲያ ላይ እናራግፍ ነበር። በየስብሰባው "የወገን ደራሾች" እየተባለ ይጨበጨብልናል። በዚያን ዘመን ያልተጨበጨበለት ነገር ስላልነበረ በዚህ አልኮራም። የምነዳው ኤንትሬ የምንላትን ጣሊያን ሠራሽ መኪና ከነተሳቢዋ ነው። ከእኔ ጋር እየተከታተለ የሚነዳ ገብረመድኅን የሚባል ጓደኛ ነበረኝ። እኛ ገብሬ እንለዋለን። አባቱ ከትግራይ መጥተው ወልዲያ ላይ ጨው ሲነግዱ የኖሩ ሰው ናቸው። እሱ ተወልዶ ያደገውም፣ ለምለምን አግብቶ ሁለት ልጆች የወለደውም እዚያው ወልዲያ ነው። ዝምተኛ ነው። ሲነዳ ያንጎራጉራል፤ መኪናውን ሲያቆም ያቆማል።

የገብሬ መኪና ፍሬኑ አልይዝ ካለ ቆይቷል። ለስምሪት ክፍሉ ነገረ። ጠብቅ አሉት። ደግሞ ነገረ። ወገን እየተራበ ስለ ፍሬን ታወራለህ ወይ አሉት። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፤ በዚያ ዘመን ሰውን ዝም ለማሰኘት የተራበ ሰው ስም መጥራት ይበቃ ነበር።

እንግዲህ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ገብሬ እህል ጭኖ ከውጫሌ ቁልቁል ወደ ውርጌሳ ይወርዳል። ረዳቱን ወባ ይዞት ኮምቦልቻ ስለቀረ ብቻውን ነው። ወደ ውርጌሳ ሲቃረብ መንገዱን ሰው ሞልቶታል። እርዳታ ይታደላል ሲባል ሰምተው ከየቀበሌው የመጡ ናቸው። ሴቱ፣ ሽማግሌው፣ ልጅ ያዘለው፣ የመኪና ድምፅ ሰምቶ ዞር ለማለት እንኳ አቅም የሌለው። ገብሬ ፍሬኑን ረገጠ፤ ፍሬኑ የለም። ጡሩምባውን ነፋ፤ ሰዉ ቆሞ አየው። መሪውን ወደ ገደሉ ጠመዘዘ።

ማንም አልተነካም። መኪናዋ ከነተሳቢዋ ተገለበጠች።

ሼህ ይመር የሚባሉ የአካባቢው ገበሬ፣ ዕድሜያቸው የገፋ ሰው፣ ቀድመው ደረሱ። ገብሬን ከጋቢናው ጎትተው አወጡት። ራሱን አያውቅም፣ ግራ እግሩ ከጉልበቱ በታች ተሰብሯል። ሼህ ይመር በገዛ ጋቢያቸው ጠቀለሉት፣ ቃሬዛ ሠርተው ጎረቤቶቻቸውን አስከትለው፣ እየተቀባበሉ መርሳ ክሊኒክ ድረስ ተሸከሙት። የተሸከሙት ሰዎች እኮ ራሳቸው ቁርስ ያልበሉ ናቸው። ጃኬቱ ከነመንጃ ፈቃዱ ጋቢናው ውስጥ ተሰቅሎ ቀርቷል፤ የገበሬ ማኅበሩ ታጣቂዎች ንብረት አይነካም ብለው መኪናዋን ከበው ስለቆሙ ማንም ሊያወጣው አልቻለም። ስሙን የሚያውቅ የለም። የመርሳው ድሬሰር አሰረለት፣ ይህ የእኔ አቅም አይደለም አለ፣ ወደ ደቡብ የሚመለስ የጦር መኪና አስቁሞ ወደ ደሴ ሆስፒታል ላከው።

ለሼህ ይመር ይህ አልበቃቸውም። የመኪናዋ በር ላይ የመሥሪያ ቤታችን ስም ተጽፏል፤ ለሚያነብ ሰው አሳይተው አስነበቡት። ከዚያ መርሳ ስልክ ቤት ገብተው ደሴ ካለው ቢሮአችን ጋር አገናኙኝ አሉ። በኋላ ራሳቸው እንዲህ ብለው ነገሩኝ፦

"መኪናችሁ ወድቋል አልኩት። የትኛው አለኝ። ነገርኩት። ጆንያው ተቀዷል ወይ አለኝ። ጥቂት ተቀዷል አልኩት። ጎማዎቹ በቦታቸው አሉ ወይ አለኝ። አሉ አልኩት። ማን ይጠብቀዋል አለኝ። ታጣቂዎች ይጠብቁታል አልኩት። ጥሩ ነው አለና ሊዘጋው ሆነ። ኧረ ልጄ፣ ሰውዬውስ አልኩት። እሱ ይጣራል ብሎ ዘጋው።"

"ምን አሉ ታዲያ?" አልኳቸው።

"ምን እላለሁ። ስልኩ ተዘጋ እኮ። ወላሂ፣ በቅሎ ብትወድቅባቸው እንኳ ሞተች ተረፈች ብለው ይጠይቁ ነበር።"

ቢሮው ክሬንና ጠባቂ ላከ። እህሉ ተለቀመ፣ መኪናዋ ተጎተተች፣ የገብሬ ጃኬትም ከነመንጃ ፈቃዱ ደሴ ገባ። ከቢሮው እስከ ሆስፒታሉ በእግር ይደረሳል። የሄደ የለም። የላኩት ሰው ለአለቆቹ ያቀረበው ሪፖርት "ተሽከርካሪው ተገኝቷል፤ አሽከርካሪው በቦታው አልተገኘም" የሚል ነው። ውሸት አይደለም። እውነት ሆኖ ሰው የሚገድል ዓረፍተ ነገር እንዲህ ነው የሚጻፍ።

ይህች ወሬ ወልዲያ ስትደርስ ተለወጠች። ከደሴ "አልተገኘም" ተብሎ የወጣው ገብሬ ወልዲያ "ጠፋ" ተብሎ ደረሰ። በዚያን ጊዜ መጥፋት ማለት ጫካ መግባት ማለት ነው። አባቱ ደግሞ ከትግራይ የመጡ ናቸው፤ ለቀበሌው ሊቀመንበር ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላስፈለገውም። ለምለምን አስጠርቶ ባልሽ የት ገባ አላት። እኔ ነኝ እናንተን የምጠይቅ አለችው። ከቀበሌው ሱቅ ስኳርና ሳሙና እንዳይሰጣት ታዘዘ። ጎረቤት መግባት ፈራ። አልቅሳ እንዳትቀመጥ ሞተ ያላት የለም፤ ተስፋ እንዳታደርግ አለ ያላት የለም። በየቀኑ እየጠሩ ይጠይቋታል፣ በየቀኑ ያንኑ ትመልሳለች።

እኔ ይህን ጊዜ አሰብ ነበርኩ። ጭኜ ስመለስ ደሴ ስምሪት ላይ "ጓደኛህ መኪና ገደል ጥሎ ጠፋ" አሉኝ። አላመንኩም። ገብሬ መኪና ጥሎ የሚሄድ ቢሆን ያቺን ፍሬን አልባ ገና ድሮ ጥሏት ይሄድ ነበር። ውርጌሳ ስደርስ አቁሜ ሰው ጠየቅሁ፤ ወደ ሼህ ይመር መሩኝ። ከላይ የነገርኳችሁን ሁሉ ነገሩኝ። እንዲህ አይነት ንዴት ይዞኝ አያውቅም። የምመታው ሰው ፈለግሁ፤ ፊቴ ያሉት ሼህ ይመር ብቻ ናቸው።

"ሼህ ይመር፣ ወልዲያ ድረስ አብረውኝ ይምጡና ይመስክሩልኝ" አልኳቸው።

"አብሽር። ጋቢዬን ላንሳ" አሉ።

መርሳ ላይ ድሬሰሩን አግኝተን ወደ ደሴ መላኩን አረጋገጥን። ወልዲያ ገብተን እህሉን እንዳራገፍን በቀጥታ ወደ ለምለም ቤት ሄድን። በሩን ስትከፍት ሁለት ወንዶች አየችና ግድግዳውን ያዘች።

"በሕይወት አለ" አልኳት፣ ሰላምታም ሳልሰጥ።

እዚያው ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። ቆይታ፣ "የት ነው ያለው ጋሽ ታደሰ?" አለች። ደሴ ሆስፒታል ነው አልኳት። "እንሂድ" ብላ ነጠላዋን አነሳች። ግን ያለ ይለፍ ወረቀት ከወልዲያ ኬላ መውጣት የለም፤ ይለፉን የሚሰጠው ደግሞ ያው ሊቀመንበር ነው።

ሊቀመንበሩ ወጣት ነበር። ሼህ ይመርን ቁሙም ተቀመጡም አላላቸውም። ነገሩን ከሰማ በኋላ፣ "እርስዎ የዚህ ቀበሌ ነዋሪ አይደሉም። ምስክርነትዎ በገበሬ ማኅበርዎ በኩል በጽሑፍ መምጣት አለበት" አላቸው።

"ልጄ፣ እኔ ይህን ሰው በትከሻዬ ተሸክሜዋለሁ" አሉ ሼህ ይመር። "ጫካ የሚገባ ሰው በእግሩ ነው የሚሄድ። ይሄ እግር አልነበረውም።"

"በጽሑፍ ነው ያልኩት።"

ሼህ ይመር ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አወረዱና ጠረጴዛው ላይ፣ ማኅተሙ አጠገብ ዘረጉት። ታጥቧል፤ ግን ቡናማው ደም አልለቀቀም። "ይኸውልህ። እኔ መጻፍ አልችልም፤ እሱ የጻፈውን አንብብ" አሉት።

ሊቀመንበሩ ጋቢውን አየ፣ ለምለምን አየ፣ ከዚያ እኛን ማየት ተወ። አቀርቅሮ ይለፉን ጻፈላት። ይቅርታ አልጠየቀም። እኔም ያንን ወረቀት ይዤ ከመውጣት በስተቀር የፈለግሁትን አንዱንም አልተናገርኩም፤ እስካሁን የሚያቃጥለኝም እሱ ነው።

ደሴ ስንደርስ ገብሬን ከመተላለፊያው ዳር ባለ አልጋ ላይ አገኘነው። ለምለም ፊቱን ዳሰሰች፣ ብርድ ልብሱን ገለጥ አደረገች፣ መልሳ ሸፈነችው። ግራ እግሩ ከጉልበቱ በታች የለም።

ነርሷ አንድ ጥግ ወስዳ አጫወተችኝ። ገብሬ ራሱን እንዳወቀ ስሙን ነግሯታል፤ እሷም በሚያዝያ ፀሐይ ቢሮአችን ድረስ ሄዳ አመልክታለች። እግሩ ሊድን ይችል ነበር። አዲስ አበባ ተልኮ እንዲታከም የመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤና አንድ አስታማሚ ብቻ ነበር የሚፈለገው። ቢሮው ግን ጠፋ ያለው ሰው መገኘቱን ለማንም ሳያሳውቅ፣ "የተሽከርካሪው ጉዳይ ተጣርቶ ሳያልቅ ደብዳቤ አንጽፍም" አላት። አስታማሚው፣ ማለትም ለምለም፣ ወልዲያ ላይ ባልሽን የት ደበቅሽ እየተባለች ነው። ቁስሉ ማመርቀዝ ጀመረ። ሐኪሞቹ ከእግሩና ከነፍሱ አንዱን መረጡለት።

እኔ ይህን ሰምቼ ስመለስ ገብሬ ዓይኑን ገልጦ ነበር። ስለ እግሩ አላነሳም።

"መንገድ ላይ የነበሩት ሰዎችስ?" አለኝ።

"ማንም አልተነካም" አልኩት። አንገቱን ነቀነቀና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። በዚያ ሁሉ ጊዜ፣ በዚያ ሁሉ ስልክና ሪፖርት ውስጥ፣ ስለ ሰው የጠየቁት እሱና ሼህ ይመር ብቻ ናቸው።

በማግስቱ ቢሮው መጣ። እውነቴን ነው፣ መጣ። ሁለት ሰዎች፣ አንደኛው ቦርሳ ይዟል። ለምለም እንግዳ ነው ብላ ተነስታ ወንበሯን ለቀቀች። ባለቦርሳው የነዳጅ ጋኑ ክዳን ቁልፍ ከተረከብነው ዕቃ ውስጥ አልተገኘም፣ የት እንደሆነ ሊነግረን ይችላል ወይ አለ።

የመለሰችው ለምለም ናት፣ ድምፅዋን ሳትጨምር።

"በሱሪው ግራ ኪስ ነበር። ግራ እግሩ ከተጣለበት ሄዳችሁ ፈልጉት።"

ሰውዬው ቦርሳውን አቅፎ ወጣ።

እንግዲህ ከዚህ በኋላ እኛ ሾፌሮቹ ተሰባሰብን። ማኅበር አላልነውም፤ ያልተፈቀደ ማኅበር ያስጠይቃል። አሰብ የወረደ ለገብሬ ቤት ጨው ይዞ ይመጣል፣ በበረሃው ያለፈ ከሰል ይጭናል፣ የልጆቹን ደብተር የሚይዝም አለ። ከሁሉ በላይ ግን ቤታችን የት እንደሆነ ተነጋገርን። ውርጌሳ ላይ ለሼህ ይመር፣ መርሳ ላይ ሻይ ለምትሸጥልን ሴት፣ ወልዲያ ላይ ለራሷ ለለምለም፣ እያንዳንዱ ሾፌር የሚስቱን ስምና ሰፈሩን በቃሉ ነገራቸው። ከዚያ ወዲያ አንድ ሰው ቢወድቅ ወሬው በተመላሽ መኪና ከሾፌር ወደ ሾፌር እየተቀባበለ ቤቱ ይደርሳል። ስኳር የተከለከለችው ለምለም የስንቷን ሴት በር ሄዳ እንዳንኳኳች እኔ ነኝ የማውቅ።

ቢሮውንም ለመንን። በየጋቢናው የሾፌሩ ስም፣ አደጋ ቢደርስ ለማን እንደሚነገር የሚገልጽ አንዲት ወረቀት ትለጠፍልን አልን። ጉዳዩ ተጠና፣ በስብሰባ ላይ ቀረበ፣ ተጨበጨበ፣ ወረቀቱም ታትሞ ተለጠፈ። ውርጌሳ ላይ አቁሜ ለሼህ ይመር አነበብኩላቸው፦ "ይህን ተሽከርካሪ በአደጋ ላይ ያገኘ ማንኛውም ሰው ስለ ጭነቱና ስለ ንብረቱ ደኅንነት ለንብረት ክፍል በአስቸኳይ እንዲያሳውቅ።"

"አንተ የቱ ጋ ነህ?" አሉኝ።

"የለሁም።"

"እንግዲያው ጻፍበት።"

እውነታቸውን ነው አልኩና ከግርጌው በእስክሪብቶ ጻፍኩበት። ታደሰ እባላለሁ፣ ባለቤቴ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ትኖራለች፣ ብወድቅ ለእሷ ንገሩልኝ።

ብዙም ሳይቆይ ተቆጣጣሪው አየው። የመንግሥትን ጽሑፍ አበላሽተሃል ተብዬ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ተጻፈብኝ። እኔ መንገድ ላይ ነበርኩ፤ ደብዳቤው ግን አልጠበቀኝም። ተላላኪ ቤቴ ድረስ ይዞት ሄዶ ለባለቤቴ አስፈርሞ ሰጣት። ስሜ ከነአባቴ፣ ከነአያቴ ተጽፏል። ከፍተኛው፣ ቀበሌው፣ የቤት ቁጥሬ፣ የባለቤቴ ስም፣ አንዱም ሳይሳሳት አለበት።

ቤታችንን ያውቁት ኖሯል።