ጣቃውን በኳንተም የሚቆርጠው ጎረቤቴ

መጀመሪያ የላፕቶፑን ክዳን በክርኑ ይጠርጋል፤ የጨርቅ ብናኝ ለብሷል። ጣቃዎቹን ገፋ አድርጎ ቦታ ያበጃል። ኔትወርክ እንዲይዝ ስልኩን በሩ ላይ ያንጠለጥላል። ክላውዱ ላይ ያለውን አካውንቱን ይከፍታል። በሁለት ጣት ብቻ ኮዱን ይጽፋል፣ እዚሁ ላፕቶፑ ላይ ይሞክረዋል፣ ስህተቱን ያርማል። ከዚያ ውጭ አገር ካሉት ኳንተም ኮምፒውተሮች ወረፋው አጠር ያለውን መርጦ ይልካል። በመጨረሻ እጁን አጣጥፎ፣ መደዳው ሁሉ እንዲሰማ፣ "ወረፋ ላይ ነው!" ይላል።

በየመደዳው ሁሉን ነገር ቀድሞ የሚጀምር አንድ ጎረቤት አለ። ከጎኑ ደግሞ በቅናት ሲቃጠል የሚውል ሌላ ጎረቤት አለ። በእኛ መደዳ፣ አንዋር መስጊድ ጀርባ፣ የመጀመሪያው ክቡር ሙናዊር መጋረጃ ሻጩ ናቸው። ሁለተኛው እኔ ነኝ፤ ስታብላይዘር እጠግናለሁ።

ኤሌክትሮኒክስ ተምሬ ነው የመጣሁት። ድሮ ሽቦ ያለበት ነገር ሁሉ የሚመጣው ወደ እኔ ነበር። አሁን ሰው የኔ በር ላይ ቆሞ፣ ለእኔ ጀርባውን ሰጥቶ፣ "ሙኔ፣ ማሽኑ ምን አለ?" ይላል። አንድ ቀን መብራት ሲጠፋ ደስ አለኝ።

"በቃ፣ ሥራህ ገደል ገባ!" አልኩት።

"ማሽኑ እኮ እዚህ አይደለም ወንድሜ። እኔ ትእዛዙን ነው የላክሁት። እነሱ ጋ መብራት አለ።"

ሻይ ይዘው የቆሙት ሁሉ ሳቁብኝ።

የሚሠራበት ነገር ይኼ ነው፦ ጣቃ ሲቆረጥ ቁራጭ ይተርፋል። የትኛው መስኮት ከየትኛው ጣቃ ቢቆረጥ ብክነቱ ያንሳል? ማሽኑ ያንኑ ጥያቄ ደጋግሞ ይሠራና የትኛው መልስ ብዙ ጊዜ እንደወጣ ይልክለታል።

"ይኼን ተራ ኮምፒውተር አይሠራውም?" አልኩት፣ ላሳፍረው።

"ይሠራዋል። እንዲያውም ይፈጥናል። እነዚህ ማሽኖች ገና ልጆች ናቸው፤ ሲያድጉ የማያውቁኝ እንዳይሆኑ ነው።"

እንዲህ ያለውን ሰው መጥላት ከባድ ነው። እኔ ግን ሞክሬያለሁ።

በቅርቡ እትዬ ሰብለ ወንጌል ለተክለ ሃይማኖቱ ፔንሲዮናቸው ሙሉ መጋረጃ አዘዙ። የሙናዊር እህትና ሸሪክ ሐጀራ ጣቷን ቀሰረች። "በማሽንህ ተቆርጦ ከተበላሸ ላፕቶፑ ይሸጣል! ሁለተኛ እዚህ ሱቅ ኳንተም የሚባል ነገር አይነሳም!"

እኔ በልቤ አሜን አልኩ።

መልሱ መጣ፤ ቁራጭ የለም ማለት ይቻላል። ልብስ ሰፊው ጃፋር መቀሱን አነሳ። እትዬ ሰብለ ወንጌል ጨርቁን በክንዳቸው ሲለኩ ሙናዊር አያቸው።

"ቆይ ጃፋር! እትዬ፣ መስኮቱንም በክንድ ነው የለኩት?"

"ታዲያ በምን ልለካው? ምድር ቤቱን እኔ፣ ፎቁን ልጄ።"

እትዬ ሰብለ ወንጌል አጭር ናቸው። ልጃቸው የመብራት ምሰሶ ናት። ክቡር ሙናዊር ደግሞ ሁሉንም ክንድ እኩል ግማሽ ሜትር አድርገው ባሕር አሻግረዋል።

ሐጀራ ላፕቶፑ ስንት እንደሚያወጣ ጃፋርን ጠየቀችው።

የምስቅበት ቀን ይኼ ነበር። ግን የሙናዊርን ፊት አየሁት። ሱቄን ቆልፌ፣ የብረት ሜትሬን ይዤ ወደ ፔንሲዮኑ ተከተልኩት። እኔ መስኮት ስለካ እሱ ስልኩ ላይ ሲጽፍ ዋልን። አዲሱን ቁጥር ልኮ "ወረፋ ላይ ነው" ሲል፣ ጥፍሬን እየበላሁ አብሬው ጠበቅኩ።

መጋረጃው ልክክ አለ። ሐጀራም "ይቆይ እንግዲህ" አለች፤ ላፕቶፑን ማለቷ ነው። ሙናዊር ግን ሰው ባመሰገነው ቁጥር "እኔ ብቻዬን መሰላችሁ? ከጎረቤቴ ጋር እኮ ነው" ይላል። ይኼ ደግሞ የባሰ ያናድዳል። አሁንም እቀናበታለሁ። ሌላ ሰው ሲያማው ግን አልወድም፤ እሱን ማማት የኔ ነው።

ስለ እሱ ልጽፍ እንደሆነ ስነግረው ቅር አላለውም። "እንግዲያው ለአንባቢዎችህ መልእክት አድርስልኝ" አለ። "እባካችሁ፣ መጋረጃ ልትገዙ ስትመጡ መስኮታችሁን በሜትር ለክታችሁ ኑ። ሜትር ከሌላችሁ የለካውን ሰው ራሱን ይዛችሁት ኑ፤ ክንዱን እዚሁ እንለካዋለን።"