ጂፔ መቆም ከቻለች ወዲህ

መንገድ ላይ ማን ለማን እንደሚለቅ ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ደብረ ታቦር፣ ደጃፌ ላይ ቆሜ ወጪ ወራጁን ማየት ሥራዬ ሆኗል። ለሰካራም ሁሉም ይለቅለታል። የፈላ ድስት ለያዘች ሴት ይለቀቅላታል። ገመዱን በጥሶ ለሚመጣ ወይፈንማ ቄሱም ዳኛውም አጥር ላይ ይለጠፋሉ። «ይቅርታ፣ አንድ ጊዜ ላስቸግራችሁ» የሚል ጨዋ ግን ቆሞ ይቀራል። ዕድሜ ልኬን ፊዚክስ ሳስተምር ይህን አላስተዋልኩም ነበር፤ ያስተማረችኝ አሮጌዋ ጂፔ ናት።

ጂፗን የወረስኳት ከአባቴ ነው። ሞተሯ ዛሬም ጤነኛ ነው። ከሥር የሚያነጥራት ብረት፣ ባሌስትራዋ፣ ግን ከመተኛቱ ብዛት ጉድጓድ በገባች ቁጥር የተሳፋሪው አናት ከጣራው ጋር ይገናኝ ነበር። ፍሬኗን ሦስት ጊዜ ረግጣችሁ በአራተኛው ነው የምትሰማችሁ፤ ስትሰማም ወደ ግራ እየጎተተች። ስለዚህ ቅዳሜ ገበያውን ሳቋርጥ ገና ከሩቅ ክላክሱን እለቀዋለሁ። ገበያተኛው ድምጿን ያውቀዋል። ድንች ሻጯ ማዳበሪያዋን ትሰበስባለች፣ በግ ነጋዴው በጎቹን ይጎትታል፣ ገበያው ለሁለት ይከፈላል። እኔ የዋሁ ደግሞ ለመምህርነቴ ክብር የሚለቁልኝ መስሎኝ ግራና ቀኝ እጅ እየነሳሁ አልፍ ነበር።

ይርጋ የሚባል የቀድሞ ተማሪዬ ጋራዥ አለው። አንድ ቀን መጥቶ፣ «መምህር፣ ሰበቃን ያስተማሩኝ አንቱ ነዎት፤ ሰበቃ በሌላት መኪና ሲሄዱ ሳይ አፍራለሁ» አለኝ። በተማሪ መነካትን የሚያህል ነገር የለምና ቁልፉን ሰጠሁት።

ከፍልሰታ እስከ መስቀል ሠራባት። የፊቱን የፍሬን ታምቡር አውጥቶ ጣለና በአዲሱ ዘመን ፒክአፕ ዲስክ ፍሬን ተካው። ቀዳዳው ከቀዳዳው አልገጥም ሲል መሃል የሚገባ ብረት ቶርኖ ቤት አስቀረጸ። የተኛውን ባሌስትራ በአዲስ ለውጦ በጋዝ የሚሠራ ሾክ አብዞርበር ጨመረበት። እኔ በርጩማዬን ይዤ እየሄድኩ እንደ ልጅ እጠይቀዋለሁ። ዲስኩ ለምን ከፊት ብቻ ሆነ? «መኪና ሲቆም ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳላ፤ አንቱ ነዎት እኮ የነገሩኝ» ይለኛል። እውነት ነው ነግሬዋለሁ፤ በዓይኔ ሳየው ግን ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

የሞከርናት ቀን በልማዴ አራት ጊዜ ልረግጥ ስል በመጀመሪያው ግንባሬ መስተዋቱን ሳመው። ይርጋ አጠገቤ ተቀምጦ በሳቅ ሞተ። «ይርጋ የገጠመው ፍሬን እንቁላል ፊት ያቆማል» የሚል ወሬ በባሕር ዳር መንገድ እስካለችው ሐሙሲት ወረደ፣ ሚኒባሶች ጋራዡ ደጃፍ ይሰለፉ ጀመር። ስሙም እንጀራውም ያ ፍሬን ሆነ።

ገበያው ግን በሦስት ቅዳሜ አወቀኝ። በመጀመሪያው ድንች ሻጯ ፊት ቀጥ ስል ደንግጣ ማዳበሪያዋን ሳበች። በሁለተኛው በእጇ ቁም አለችኝ። በሦስተኛው ድንቹን መሃል አስፋልት ድረስ ዘርግታ፣ «መምህር፣ ትንሽ ይታገሡኝ፣ ደንበኛ ይዣለሁ» አለችኝ። በግ ነጋዴው ኮፈኔን ተደግፎ ዋጋ ይከራከራል። ለካ ሲያከብሩ የኖሩት እኔን ሳይሆን አለመቆሜን ነበር።

ይህን ሁሉ በፈገግታ ችዬው ነበር፤ ያቺ ቅዳሜ እስክትመጣ። ይርጋ ዕቃ ሊገዛ ባሕር ዳር ወርዷል። ሚስቱ ትብለጥ ምጥ ያዛት። አምቡላንሱ ሌላ ወላድ ሊያመጣ ገጠር ሄዷል፣ ባጃጅ ደግሞ በሰፈራችን ኮብልስቶን ላይ ለእሷ አይሆንም። ከጎረቤቷ ጋር ከኋላ አስቀምጫት ተነሳሁ። ጉድጓድ ስንገባ በመስተዋት አያታለሁ፤ ፊቷን የሚያኮማትረው ምጡ እንጂ መንገዱ አልነበረም። የይርጋን እጅ በልቤ መረቅሁ።

ገበያው ጋ ስንደርስ ክላክሱን ለቀቅሁት። የዞረ የለም። አንገቴን አውጥቼ «ወላድ ይዣለሁ» አልኩ። «ማርያም ትቅረባት» አሉ ሁሉም፣ ከልባቸው። ድንች ሻጯ አንድ ቅርጫት በስንዝር ገፋ አደረገች። አንዱ ማን እንደሆነች ሊያይ በመስኮት አጎነበሰ። ሁሉም ይመርቃል፣ ሁሉም ሌላው እስኪለቅ ይጠብቃል። ትብለጥ ትከሻዬን ጨምድዳ፣ «መምህር፣ አልችልም፣ መጣ» አለችኝ። ፈራሁ። ከዚያ በፊት እንዲያ ፈርቼ አላውቅም።

ያን ጊዜ ነው ከአፌ የወጣው፦ «ፍሬኑ ተበጠሰ! ሽሹ!»

ድንቹም በጉም ሰውም ከአስፋልቱ ላይ ጠፋ። ፍሬን ሳልረግጥ ሆስፒታል ደረስኩ። ሴት ልጅ ተወለደች። አዋላጇ ወጥታ፣ «እትብቱ አንገቷ ላይ ዞሮ ነበር፤ ትንሽ ብትቆዩ ኖሮ እንጃ» ስትለኝ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ።

ከሰዓት በኋላ ወደ ግቢው ብወጣ ከጂፗ ሥር ሁለት እግሮች ወጥተዋል። ይርጋ ነው። ወሬው ሐሙሲት ላይ ደርሶት፣ ሚስቱም ፍሬኑም በአንድ አፍ ተነግረውት፣ መጀመሪያ የሚጠይቀው ጠፍቶት መኪናዋ ሥር ገብቷል። «ይርጋ፣ ትብለጥ ደኅና ናት። ሴት ልጅ ወልዳልሃለች» ስለው ወጥቶ እጁን ሳይጠርግ ሮጠ። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቷል።

«መምህር፣ ከሥር እስከ ጫፍ አየሁት፤ ፍሬኑ ምንም አልሆነም» አለኝ።

«አልሆነም» አልኩት፣ መሬት መሬት እያየሁ። «መንገድ አልለቅ ሲሉኝ ዋሽቼ ነው።»

«ሁለት ሚኒባስ እኮ ከጋራዤ መውጣቱን ደውለው ነገሩኝ። ሾፌሮቹ የይርጋን ፍሬን አንፈልግም ብለዋል።»

አፈርኩ። የልጅቷን ነፍስ ያተረፍኩት በአባቷ እንጀራ ነበር። በሚቀጥለው ቅዳሜ ገበያው መሃል ቆሜ፣ ፍሬኑ ደኅና ነው፣ የዋሸሁት እኔ ነኝ ብዬ እንደምናገር ቃል ገባሁለት። ከዚያ በኋላ ማንም እንደማይለቅልኝ ሁለታችንም እናውቃለን።

ይርጋ የሕፃኗ ለቅሶ ወደሚመጣበት መስኮት ዞረ።

«ይንገሩልኝ» አለ። «ሌላ ጊዜ ግን፣ መምህር፣ መሪው ተቆረጠ ይበሉ። መሪውን እኔ አልነካሁትም።»