ወይዘሮ እታለማሁ ገበያ ሲሄዱ

በየሰፈሩ ሳሎኗን ለማይመጣ እንግዳ አስውባ የምትጠብቅ አንዲት ሴት አትጠፋም። ሶፋው ላይ ዳንቴል፣ ዳንቴሉ ላይ ላስቲክ፣ ላስቲኩ ላይ ደግሞ «ተነሥ!» የሚል ዓይን አለ። ዘመድ ሲመጣ ማድ ቤት ይቀመጣል፤ ጎረቤት ከበረንዳ ይሸኛል። በእንጅባራ የዚህ ማዕረግ ባለቤት ክብርት ወይዘሮ እታለማሁ ናቸው።

የሳቸው ምንጣፍ የወተት ቀለም አለው። ከባሕር ዳር በሚኒባስ ጣሪያ ላይ ተጭኖ ሲመጣ ሰፈሩ በሙሉ ወጥቶ አይቶታል። የረገጠው ግን የለም። ወይዘሮዋ ደፉ ላይ ቆመው «ከዚያው ሆኖ ማየት ይበቃል!» ይላሉ። ፍርዳቸው ለማንም አያዳላም። የነፍስ አባታቸው እንኳ ጠበሉን ከደፍ ወደ ውስጥ አርቀው መርጨት ለምደዋል።

ባለቤታቸው አቶ ይኸነው ዝምተኛ ነበሩ። ቢያንስ ወይዘሮ እታለማሁ የሚያውቋቸው እንደዚያ ነው። ማድ ቤት ዱካቸው ላይ ተቀምጠው ይበላሉ፣ «ተመስገን» ይላሉ፣ ይተኛሉ። አምና አረፉ።

ሙት ዓመታቸው ሲቃረብ ከዳንግላ የሚመጡትን የባላቸውን ዘመዶች ሳሎን ማስገባት ግድ ሆነ። ስለዚህ ምንጣፍ አጣቢ ተጠራ። እንየው የሚባል ሰው ማሽኑን በባጃጅ ጭኖ መጣ።

«ቆሻሻ ኖሮበት እንዳይመስልህ፤ ለደንቡ ያህል ነው» አሉት።

እንየው አጠበ፣ ውሃውን በማሽን መጠጠ፣ ሄደ። ምንጣፉ አዲስ መሰለ። በማግስቱ ሲደርቅ ግን ጉድ ወጣ። በአንድ በኩል ቡናማ ክብ፣ መሃሉ ላይ ቀላ ያሉ ነጠብጣቦች፣ ጠረጴዛው ሥር ደግሞ መዳፍ የሚያህል እድፍ። ወይዘሮ እታለማሁ ስልካቸውን አነሡ።

«አንተ ሰው! የማንን ቤት እድፍ አምጥተህ ነው እኔ ቤት የደፋኸው?»

እንየው በርሮ መጣ። ተንበርክኮ አየው፣ አሸተተው።

«እማማ፣ እኔ ያመጣሁት አይደለም። የፈሰሰ ነገር ላዩ ቢጠረግም ሥሩ ይቀራል። ምንጣፉ ሲርስ ይሟሟና፣ ሲደርቅ ውሃውን ተከትሎ ይወጣል። ይሄ ጠላ ነው። ይሄኛው አዋዜ ይመስለኛል።»

«እንኳን አዋዜ፣ ውሃም ጠብ ብሎበት አያውቅ!»

ጩኸቱን ሰምታ ደጁ ላይ የቆመችው ጎረቤታቸው ደጊቱ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

«እትዬ፣ ሰውየውን በከንቱ አይቆጡት።»

«ምነው?»

«እርስዎ ገበያ ሲሄዱ… ጋሽ ይኸነው ይጠሩን ነበር።»

ነገሩ ተዘረገፈ። ወይዘሮዋ መታጠፊያውን እንዳለፉ አቶ ይኸነው ሳሎኑን ከፍተው ጎረቤቱን ያስገቡ ኖሯል። ቅቅል ድንች በአዋዜ ይቀርባል፣ ጠላ ይቀዳል፣ አቶ ይኸነው በአዊኛ ጀምረው በአማርኛ የሚጨርሱት ጨዋታ ይመጣል። ገበያተኛው መመለስ ሲጀምር ሁሉም ተሯሩጦ ይጠርጋል። እድፍ ከቀረ ጠረጴዛው ይጎተትበታል። ወይዘሮ እታለማሁ ያ ጠረጴዛ ከቦታው በተንሸራተተ ቁጥር ስንቴ ወለሉን ረግመዋል!

ደጊቱ ስድቡን ጎንበስ ብላ ጠበቀች። ወይዘሮዋ ግን በለሆሳስ፣ «ይስቅ ነበር?» አሉ።

«ጋሽ ይኸነው? እንባቸው እስኪፈስ!»

እንየው በነፃ ደግሞ ሊያጥብ ቢለምን «ተወው» አሉት። ሙት ዓመቱ ከነእድፉ አለፈ። ዘመድ በላ፣ ጸለየ፣ ሄደ። ወይዘሮ እታለማሁ ሳሎኑ ውስጥ ብቻቸውን ቆይተው የባላቸውን ሳቅ ለማስታወስ ሞከሩ። ድምፁ አልመጣላቸውም። አብረውት ያረጁት እሳቸው ሆነው ሳለ፣ ሳቁን ጎረቤት ያውቀዋል፤ እሳቸው አያውቁትም።

የገበያ ቀን ሲደርስ ዘንቢላቸውን አንሥተው፣ «ገበያ ሄጃለሁ! እቆያለሁም!» ብለው ሰፈሩ እስኪሰማ ተናገሩ። ቁልፉን ለደጊቱ ሰጡ። ገበያው ዳር አንድ እስር ጎመን ገዝተው ወዲያው ተመለሱ። አጥራቸው ጋ ሲደርሱ እርምጃቸውን አቀዘቀዙ፤ ጆሯቸውን ሰጡ። ጭጭ ብሏል። በሩ እንደተዘጋ ነው። ደጊቱ በረንዳው ላይ እንደ ዘበኛ ተቀምጣለች።

«ማንም አልገባም እትዬ! በማርያም!»

ወይዘሮዋ ዘንቢሉን አስቀመጡ። «ምነው ሳትገቡ? ቁልፍ ሰጥቼሽ የለ?»

«የሚከፍቱልን እኮ እሳቸው ነበሩ።»

ወይዘሮ እታለማሁ ቁልፉን ተቀብለው የሳሎኑን በር ወለል አድርገው ከፈቱና ጎረቤቱን ተጣሩ። ሰው እየተጠራጠረ፣ እየተገፋፋ ገባ። ሁሉም ሲቀመጥ እሳቸው መሃል ላይ ቆመው ቀሩ።

«እሱ የት ነበር የሚቀመጠው?»

ደጊቱ ከመስኮቱ ሥር አንድ ቦታ አሳየቻቸው። ማንም አልተቀመጠበትም። ወይዘሮዋ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ምንጣፉ ላይ፣ ከዚያ ቦታ አጠገብ ተቀመጡ።

«ምን ነበር የሚያወራችሁ?»

ሰው ተያየ። ደጊቱ ነች የደፈረችው።

«ስለ እርስዎ፣ እትዬ። አረማመድዎን፣ አነጋገርዎን እያስመሰሉ በሳቅ ይገድሉን ነበር። ሲጨርሱ ግን ወደ በሩ አየት ያደርጉና፣ ‹ምነው አሁን ከች ባለች› ይሉ ነበር።»

«ይኸው መጣሁ» አሉ ወይዘሮ እታለማሁ፣ ወደ ጎናቸው፣ ወደ ባዶው ቦታ ዞረው።