ሹም ተራ የማይጠብቅበት አየር

ስሟን ብጠራ የሚያስከስሰኝ፣ ባልጠራውም ነዋሪዎቿ የማያጧት አንዲት አገር፣ ጎረቤቶቿ ሁሉ ያለ ሽቦ መነጋገር ከጀመሩ ከብዙ ዘመን በኋላ፣ በገናናው መስፍኗ መልካም ፈቃድ እሷም ወደዚሁ ጥበብ ገባች። በየተራራው አንቴና ተተከለ፤ በየሹሙ እጅ የመልእክት መሣሪያ ገባ፤ ቃልም ሽቦ ሳይጎትት በአየር ይመላለስ ጀመር። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ይባል ነበር። ሰማዩስ በአንቴና ታረሰ፤ ሁለተኛው ግን እስከ ዛሬ እንደጸና ነው።

ያለ ሽቦ የመነጋገር ጥበብ ልብ ላለው ሰው ከዕድር ስብሰባ የከበደ ነገር አይደለም። አየሩ የጋራ ነው፤ ሁለት መሣሪያዎች በአንድ ቻናል ባንድ ጊዜ ከተናገሩ ቃላቸው ይጋጭና ማንም ማንንም አይሰማም። ስለዚህ ዓለም የተስማማበት ስታንዳርድ አለ፦ መሣሪያው አስቀድሞ ያዳምጣል፤ አየሩ ከተያዘ ዝም ብሎ ይጠብቃል፤ ሲለቀቅ ዕጣው እንደወጣለት ይናገራል፤ ተቀባዩም «ደርሶኛል» ብሎ ይመልሳል። መልስ ያጣ ላኪ አልተሰማሁም ብሎ ይደግማል። ሰው ቢሆን ጨዋ የሚያሰኘው ይኸው ነው።

ይህንን ለሸንጎው ያስረዳችው ባሕር ማዶ ተምራ የመጣች፣ ትሁት የምትባል መሐንዲስ ነበረች። የአየር ሞገድ ሚኒስትሩ፣ አንገታቸው ከክብር ብዛት ወደ ትከሻቸው የገባ ሰው፣ እስክትጨርስ አልታገሡም።

«ቆይ እስቲ ልጄ፤ የኔ መሣሪያ አንድ የወንዝ ጠባቂ ወሬውን እስኪጨርስ ይጠብቃል ነው የምትዪኝ?»

«አዎ፣ ክቡር ሚኒስትር። ዓይን ተርገብግቦ እስኪከደን እንኳ አይፈጅም።»

«የጊዜው ርዝመት አይደለም ያሳሰበኝ። ሹም ቆሞ ተራ ሲጠብቅ የታየበት አገር የት አለ?»

«ክቡር ሚኒስትር፣ አየር ላይ ስለሆነ የሚያይ የለም።»

«እግዚአብሔርስ?» አሉ ሚኒስትሩ።

ሸንጎው በዚህ ጥልቅ ሐሳብ ራሱን ነቀነቀ፤ ብዙም ሳይቆይ አገሪቱ የራሷን ስታንዳርድ አወጀች። የሹማምንት መሣሪያ ሳያዳምጥ ይናገራል፤ የተራው ሰው መሣሪያ ሹማምንቱ እስኪጨርሱ ይጠብቃል፤ «ደርሶኛል» ብሎ መመለስም የበታችነት ምልክት ሆኖ ስለተገኘ በሹማምንት ዘንድ ቀርቷል። ትሁት «እንዲህማ ከሆነ እርስ በርሳችሁም አትሰማሙም፤ መልስ ያላገኘ መሣሪያ ደግሞ ሲደጋግም ነው የሚውለው» ብትል፣ የባዕድ ደንብ ናፋቂ ተብላ አንቴና ወደሚቀባበት ክፍል ተዛወረች። በየኮረብታው ይነፋ የነበረው የማስጠንቀቂያ ጥሩንባም ኋላቀር ነው ተብሎ ተለቅሞ ተወሰደ። እኔን ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው፤ ጥሩንባው ምን አደረጋቸው?

የላይኛው ወንዝ ጠባቂ ጓዴ ይባላል። ሥራው ወንዙ ሲሞላ ከታች ላለው መንደር ማስታወቅ ነበር፤ በዚያ መንደር ደግሞ ሚስቱ ይርገዱ ከወለደች ገና ሳምንት ያልሞላት አራስ ሆና ተኝታለች። አዲሱ ጥበብ በተመረቀበት ዕለት ከሰዓት በኋላ ወንዙ ደፈረሰ፤ ግንድ እየነቀለ ይወርድ ጀመር። ጓዴም «ወንዙ ሞልቷል፤ የታችኛው መንደር ሕዝብ አሁኑኑ ይውጣ» ብሎ ላከ። መሣሪያው እንዲህ ሲል መለሰለት፦ «ታላላቆች በመነጋገር ላይ ናቸው። በአክብሮት ይጠብቁ።»

ታላላቆቹ ምን ይነጋገሩ እንደነበር ልንገራችሁ። እንኳን አደረሰዎ ይባባሉ ነበር። ሚኒስትሩ ለመስፍኑ፣ አገረ ገዢው ለሚኒስትሩ፣ የቀረውም ሹም ከበላዩ ላለው ሁሉ ባንድ ትንፋሽ ላከ፤ ቃሉም ተጋጨ። ደርሶኛል የሚል ስለሌለ መሣሪያዎቹ ደገሙ፤ ደግመውም ተጋጩ። የአገሪቱ አየር ቀኑን ሙሉ በደስታ መግለጫ ታፍኖ ሲውል፣ አንድም የደስታ መግለጫ ለማንም አልደረሰም።

ጓዴ ጠበቀ። ሕግ አክባሪ ሰው ነውና ጠበቀ። በመጨረሻ መሣሪያውን ጥሎ የሚስቱን ስም እየጠራ ቁልቁል ሮጠ፤ ወንዙ ግን የማንንም ፈቃድ ሳይጠይቅ ቀድሞት ወርዶ ነበር። ከቤቱ የተረፈው የደፉ ድንጋይ ብቻ ነው። ይርገዱም ጨቅላዋም አልተገኙም።

ገበያ ውለው የተረፉት የመንደሩ ሰዎች ኮረብታው ላይ ድንኳን ጥለው ለቅሶ ተቀመጡ። ሚኒስትሩም ከነአጃቢዎቻቸው ለቅሶ ሊደርሱ መጡ። እዚያው እንደተቀመጡ፣ ታላላቆቹ ደክሟቸው ዝም ባሉበት ሰዓት ነበርና፣ ተራውን ሲጠብቅ የቆየው የጓዴ መልእክት በሚኒስትሩ ጸሐፊ መሣሪያ ላይ ደረሰ። ጸሐፊው ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው።

«አያችሁ» አሉ ሚኒስትሩ ብድግ ብለው፤ «አንዲት ፊደል እንኳ አልጎደለችም።» አጃቢዎቹ አጨበጨቡ።

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው እኮ፣ ጌታዬ» አለ ጓዴ ከተቀመጠበት ሳይነሣ። «ሰዎቹ ሞተዋል። ሚስቴም ልጄም ሞተዋል።»

«ሐዘንህ ይገባኛል፣ ወንድሜ። መልእክቱ ግን ሞተዋል አይልም፤ ይውጣ ነው የሚለው። በስታንዳርዱ መሠረት የደረሰ መልእክት ደግሞ መፈጸም አለበት።»

ወታደሮች ተጠሩ። ኮረብታ ላይ ያለ ሰው ከመንደሩ ሊወጣ ስለማይችል፣ ለቀስተኞቹ መጀመሪያ ተሰልፈው መንደሩ ወደነበረበት ጭቃ እንዲወርዱ ተደረገ። አንድ አሥር አለቃ ጓዴን ደፉ ላይ አቁሞ ከቤቱ እንዲወጣ አዘዘው፤ ጓዴም ወጣ። ሚኒስትሩ ለመስፍኑ ባቀረቡት ዘገባ ማስጠንቀቂያው ከደረሰ በኋላ አንድም ሰው እንዳልሞተ አረጋገጡ፤ ዘገባውም እውነት ስለነበረ ተሾሙበት።